የጥፊው ድምፅ

በእኔ ድርሰት ውስጥ፣ በሦስተኛው ገቢር፣
አንዲት መስመር አለች፣ ለመጻፍ የማታስቸግር፦
«ወታደሩ ይመታዋል። እሱ ግን አይመልስም።»
ብዕር ነው የጻፋት፤ ብዕር ጉንጭ የለውም።

ልምምዱ ሆጤ ነው፣ በመሠረተ ክርስቶስ አዳራሽ፣
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ሲጠፋ ባመሻሽ።
አራጋው ወታደር ነው፤ ይመር ደግሞ ገበሬ።
እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በወረቀት ታጥሬ፣
አራጋው እጁን ሲሰነዝር፣ ጉንጩን ሳይነካ ሲመልስ፣
ሁለት መዳፌን አጋጫለሁ፣ ድምፁ ኋላ ወንበር እንዲደርስ።
ጥፊው የእኔ ነው ማለት ነው። የውሸት። ግን ይጮኻል።
አንዳንድ ማታ መዳፌ፣ ቤት ከገባሁም ይሞቃል።

ይመር ጋራዥ ነው የሚውል፣ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፤
ወንድሙ በዚያ ጥቅምት ሐረጎ ላይ ቀረ፣ መቃብሩ ሳይነገር።
ይህን ሰው ሁን ብዬ ስሰጠው፣ ምንም አልተናገረም፤
የእጁን ግሪስ በጨርቅ ፈተገ። ግሪሱ አልለቀቀም።

አንድ ማታ፣ ጥፊው ሲመጣ፣ ይመር አየር ላይ ቀለበው።
የአራጋውን አንጓ ይዞ ቆመ፤ አልመታው፣ አልለቀቀው።
«አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ ዓይኑን ከአራጋው ሳይነቅል፣
«አይመልስም ብለሃል። እሺ፣ አፌስ ዝም ይበል።
ግን እጄ! እጄ ምን ይሥራ? ስለ እጄ የጻፍከው የለም።
የተንጠለጠለ እጅ ይዤ ሰው ፊት አልቆምም።»

ጥቅስ ነበረኝ፤ ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፤ ለሁለት ስብከት የሚበቃ።
ሜኖናይት ወንድሞች በሩቅ አገር የጻፉትን ተውኔት አውቃለሁ፣ በቃ፦
አሳዳጁ ሐይቅ ሲሻገር፣ በረዶው ከድቶት ሲሰምጥ፣
ተሳዳጁ ዞሮ ይመለሳል፣ ነፍሱን በነፍሱ ሊለውጥ።
ያምራል። አለቅሳለሁ ሳነበው። ግን የደሴ ውርጭ
ማንንም አያሰምጥም፤ ጎመን ይጠብሳል፣ የልጅ ጉንጭ።

ያን ጊዜ ከኋላ፣ ወንበር ከሚደረደርበት፣ ሳቅ መጣ፤
እትዬ ዘምዘም ናት፣ ወንበር አከራይ፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለእኛም ጣጣ፤
መግሪብ ሰግዳ፣ ዕቃዋን ልትቆጥር ጎራ ያለች።
ወንበር እያጠፈች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እንዲህ አለች፦

«ያኔ የእንጨት ወንበር ነበረኝ። ለማገዶ ሊወስዱት መጡ።
አንዱ በሰደፍ ገፋኝ፤ ሌሎቹ በር ላይ ተቀመጡ።
ምን ላድርግ? ልደባደብ? እጄ ሥራ ለምዷልና፣
ቆጠርኩለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እንደ ደንበኛ አየሁትና።
‹አርባ ሁለት ነው ልጄ፤ ስትመልስ አንድ እንዳይጎድል› አልኩት።
ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ፣ ላብ ግንባሩ ላይ አየሁበት።
ሦስቱን ጥሎልኝ ሄደ።
ሠላሳ ዘጠኙ ግን ነደደ።
አልረገምኩት። ይቅርም አላልኩት። ዕዳው ግን አብሮት ሄዷል።
አንዳንድ ቀን በር ሲንኳኳ፣ እሱ ይሆን እላለሁ፤ ማን ያውቃል?»

ይመር አንጓውን ለቀቀ።
ወለሉ ላይ የወደቀ
የአራጋውን ኮፍያ አየ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤
አቧራውን በክርኑ፣ ቀስ አድርጎ አበሰው።
«ይሄን ይሥራ እጄ» አለኝ።
መስመሬን ሰረዝኩ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ፤ ከፒያሳ፣ ከቧንቧ ውኃ፣ ከሰኞ ገበያ ሳይቀር፤
ሽርጥ የታጠቁ፣ ነጠላ ያጣፉ፤
መስኮቱን ጎረምሳ ሞላው፣ ወንበር ያጣው የመንደር።
አራጋው ሰነዘረ። መዳፌን አጋጨሁ። ጧ!
ኮፍያው ወደቀ። ይመር ጎንበስ አለ።
ውጭ ባጃጅ ዳገቱን ሲያቃስት ይሰማል።
ይመር ኮፍያውን ይዟል። አቧራውን ያብሳል።

ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ፣ እንደ ጥንቱ፣ እንደ ጦር ሜዳ፦
«በለው!»

ማንም አልሳቀ። ይመር ቀና አለ፤ ኮፍያው በእጁ እንዳለ፣
ፊቱን አዞረ። ወደ ሕዝቡ አይደለም፤ ወደ መጋረጃው፣
ወደ እኔ። ድምፁ ከየት እንደመጣ ያወቀ ይመስላል።
መዳፎቼ ገና አልተላቀቁም።
ይሞቃሉ።